ከመንግሥት ሸሽተው ያቋቋሟት መንደር በመንግሥት እጅ እንዴት ተጠበቀች?

(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



የአንድ አገር ቅርስ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ከፍ ያለ ቤተ መንግሥት፣ ያማረ ቤተ ክርስቲያን ወይም የጀግና ሐውልት ነው። ገበሬና አንጥረኛ የኖሩባት ትንሽ መንደር ቅርስ ተብላ መንግሥት ዘብ ይቆምላታል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ እንዲህ ያለች መንደር ነው። ይህችውም በሰሜን አሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በታስካራዋስ ወንዝ ዳር የምትገኘው ዞዓር ናት። ነዋሪዎቿ ከ200 አይበልጡም። የመሠረቷትም ሰዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ከመንግሥት ቅጣት የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸው ባለፉበት ዘመን ደግሞ መንግሥት ራሱ መንደራቸውን ሊጠብቅም ሊያጠፋም የሚችልበት ሁኔታ ደረሰ። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነና ከዚያም ምን ትምህርት እንደሚገኝ በቅደም ተከተል እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ በደቡብ ጀርመን፣ በቩርተምበርግ ግዛት፣ ከአገሩ የሉተር ቤተ ክርስቲያን ራሳቸውን የለዩ ምእመናን ነበሩ። ሃይማኖት በሥርዐት ብዛት ሳይሆን በልብ ንጽሕና ነው በማለት የቤተ ክርስቲያኒቱን ጥምቀትና የጋብቻ ሥርዐት አንቀበልም አሉ። ጦር መሣሪያ አንሸከምም፣ መሐላ አንምልም አሉ። ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም ጕልበታችንን አናጥፍም፣ ባርኔጣችንንም አናወልቅም በማለታቸው ባለሥልጣኑን ከተራው ሰው ሳይለዩ ሁሉንም «አንተ» እያሉ ይጠሩ ነበር። አንባቢ ሆይ፤ በዚያ ዘመን ዳኛን ወይም መስፍንን «አንተ» ብሎ መጥራት ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሌላ ማስረጃ አያስፈልገንም። ስለዚህም የገንዘብ መቀጫ ተጣለባቸው፤ ወደ እስር ቤት ገቡ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ።

መከራው በበረታ ጊዜ ወደ 300 የሚሆኑት በ1817 ዓ.ም. ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ፊላደልፊያ ከተማ በደረሱ ጊዜ እንደ እነርሱ ጦርነትንና መሐላን የማይቀበሉት ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች አስጠጓቸው፤ በገንዘብም ረዷቸው። መሪያቸው ጆሴፍ ቢምለር የተባለ ሰው ነበር። እርሱም በኦሃዮ ውስጥ 5500 ኤክር መሬት፣ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ወደ 55 ጋሻ የሚሆን ቦታ፣ በዱቤ ገዛ። ከጥቂት ጐልማሶች ጋር ቀድሞ ሄዶ የመጀመሪያውን የግንድ ቤት ያቆሙት በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ብርድ ነው። ሎጥ ከሰዶም ሸሽቶ የተጠጋባት ታናሽ ከተማ ዞዓር ትባል ስለ ነበረ፣ እነርሱም ከመከራ የተጠጉባትን ቦታ በዚሁ ስም ጠሯት።

በመጀመሪያ ሐሳባቸው እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የየራሱን መሬት እንዲይዝና ዕዳውንም ለየራሱ እንዲከፍል ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው ሽማግሌዎች፣ ድኾችና ደካሞች ብዙ ስለ ነበሩ፣ ይህ አሠራር ከቀጠለ ጠንካራው ብቻ ተርፎ ደካማው እንደሚወድቅ ተገነዘቡ። ስለዚህ ሚያዝያ 19 ቀን 1819 ዓ.ም. 53 ወንዶችና 104 ሴቶች ንብረታቸውን አንድ ለማድረግ በጽሑፍ ተስማሙ። በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው፣ ያመኑት ሁሉ ያላቸውን በአንድነት እንደ ያዙ ማለት ነው። የእኛን ገዳማት ሥርዐት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በአገራችን መነኰሳቱ ሥራውንም ማዕዱንም በአንድነት የሚይዙበት ገዳም «አንድነት ገዳም» ሲባል፣ እያንዳንዱ ለየራሱ የሚኖርበት ደግሞ «ቁሪት ገዳም» ይባላል። ዞዓር ቤተ ሰብ ያላቸው ሰዎች የኖሩባት አንድነት ገዳም ነበረች ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚህች ማኅበር ሴቶች ከወንዶች እኩል ድምፅ ይሰጡ ነበር። በመላው አሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት ያገኙት በ1920 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ እነዚህ ከመቶ ዓመት በፊት ቀድመው መገኘታቸው ያስደንቃል። ሥራውን የሚመሩ 3 አለቆች በምርጫ ይሾሙ ነበር። እህሉም፣ ልብሱም፣ ወተቱም ከጋራ ጐተራ ለየቤቱ ይታደል ነበር።

ዕዳቸውን የከፈሉበት መንገድ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1820ዎቹ ዓመታት የኦሃዮ መንግሥት ከኢሪ ሐይቅ እስከ ኦሃዮ ወንዝ የሚደርስ የጀልባ ቦይ ሲያስቈፍር፣ ቦዩ በእነርሱ መሬት ላይ ያልፍ ነበር። የዞዓር ሰዎች በመሬታቸው የሚያልፈውን ክፍል ራሳቸው ለመቈፈር ተዋውለው ወንዱም ሴቱም ተሰልፎ ሠራ፤ በዚህም 21000 ዶላር ያህል አገኙ። የመሬቱም ዕዳ በዚህ ገንዘብ ተቃለለ። ከዚያ በኋላ በቦዩ የሚያልፈው ጀልባ ዱቄታቸውን፣ የሱፍ ጨርቃቸውንና የብረት ሥራቸውን ወደ ገበያ ወሰደላቸው። ሆኖም ያው ቦይ በ1834 ዓ.ም. የኮሌራን በሽታ አምጥቶ ብዙ ሰው ፈጀባቸው። ሀብትና መከራ በአንድ መንገድ እንደሚመጡ ከዚህ ይታያል።

በመንደሪቱ መካከል የተከሉት የአትክልት ስፍራ እስከ ዛሬ ድረስ ይጐበኛል። አቀማመጡ ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ ነው። በመካከሉ የሕይወት ዛፍ ምሳሌ የሆነ ትልቅ ዛፍ ይቆማል፤ በዙሪያውም በሐዋርያት ቍጥር 12 ዛፎች ተተክለዋል፤ መንገዶቹም ከመካከል ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። ዳቦ ቤቱ፣ አንጥረኛ ቤቱ፣ የቆርቆሮ ሥራ ቤቱ፣ በ1833 ዓ.ም. የተሠራው ሆቴል፣ በ1835 ዓ.ም. ለአረጋውያን ታስቦ የተሠራውና በኋላ አለቆቹ የኖሩበት «ቍጥር አንድ ቤት»፣ በ1853 ዓ.ም. የተሠራው የጸሎት አዳራሽ፣ እነዚህ ሁሉ የማኅበሩን ኑሮ የሚመሰክሩ ናቸው።

መንግሥትና ዞዓር በፍርድ ቤትም ተገናኝተዋል። ከማኅበሩ አባላት የአንድ ሟች ወራሾች «የአባታችን ድርሻ ይሰጠን» ብለው ከሰሱ። ክርክሩም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1852 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ አባትየው በፈቃዱ ንብረቱን ለማኅበሩ ስላስተላለፈ ለልጆቹ የሚወርድ የግል ድርሻ የለውም ሲል ለማኅበሩ ፈረደ። ይህ ፍርድ ለሌላው ወገን ቢሆን ኖሮ፣ ወራሽ ሁሉ እየመጣ ድርሻዬን ሲል ማኅበሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ በፈረሰ ነበር። በጀርመን አገር ዳኛ ፊት ባርኔጣቸውን ባለማውለቃቸው የተቀጡት ሰዎች በባዕድ አገር ዳኛ ፊት ፍትሕ አገኙ።

ይሁን እንጂ ሕግ ያላፈረሰውን ዘመን አፈረሰው። ቢምለር በ1853 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ በእርሱ ቦታ እንደ እርሱ የሚሰማ መሪ አልተገኘም። የውጭ ፋብሪካዎች ጨርቁንና ብረቱን በርካሽ ዋጋ ያወጡ ጀመር። የባቡር ሐዲድ በመጣ ጊዜ ጐብኚው በዛ፤ ወጣቶቹም በከተማ ያለውን ደመወዝና ልብስ አይተው ከጋራ ጐተራ በሚታደለው መኖር ሰለቻቸው። በአባቶቻቸው ሃይማኖት ጦር መሣሪያ መያዝ ክልክል ሳለ፣ በ1860ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥቂት ወጣቶች ወደ ጦር ሜዳ መሄዳቸው የለውጡ የመጀመሪያ ምልክት ነበር። በመጨረሻም በ1898 ዓ.ም. አባላቱ ራሳቸው በድምፅ ብልጫ ማኅበሩን አፍርሰው ቤቱንና መሬቱን ተካፈሉ። ማኅበሩ በዚህ አበቃ፤ መንደሪቱ ግን አላበቃችም። ብዙዎቹ በየቤታቸው ኖሩ። በ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ አቅራቢያም ቍጥር አንድ ቤትና የአትክልቱ ስፍራ ለኦሃዮ ክፍለ ግዛት ተላልፈው ሙዚየም ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳያችን እንመለስ። በመጋቢት 1913 ዓ.ም. በኦሃዮ ታላቅ ጎርፍ ሆኖ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ይህ መከራ ዳግመኛ እንዳይደርስ የአገሩ ሰዎች በ1933 ዓ.ም. የመስኪንገም ወንዝ ተፋሰስን የሚጠብቅ ድርጅት አቋቋሙ። በጥቂት ዓመታትም ውስጥ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል አማካይነት 14 ግድቦች ተሠሩ። ከእነዚህ አንዱ በ1937 ዓ.ም. ያለቀው የዶቨር ግድብ ነው።

የዶቨር ግድብ ለመስኖ ወይም ለኤሌክትሪክ ውኃ እንደሚያጠራቅመው ግድብ አይደለም። በደኅናው ጊዜ ወንዙ በውስጡ በነጻ ያልፋል፤ ከኋላውም ሐይቅ የለም። ታላቅ ዝናም በመጣ ጊዜ ግን የውኃው መውጫ ይጠብና ጎርፉ ከግድቡ በስተኋላ ባለው ሸለቆ ይተኛል። ከታች ያሉት ከተሞች አደጋው ካለፈላቸው በኋላ ቀስ በቀስ ይለቀቃል። ይህ አሠራር ለታችኞቹ ከተሞች እጅግ የሚጠቅም ነው። ነገር ግን ጎርፉ የሚተኛበት ሸለቆ ማንም የማይኖርበት መሆን አለበት። ዞዓር ደግሞ በዚያው ሸለቆ ውስጥ ነበረች።

በዚያን ጊዜ መንደሪቱን ከነቤቷ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ወይም ባለችበት መጠበቅ የሚል ምርጫ ቀረበ። በተፋሰሱ ውስጥ ከግድቦቹ የተነሣ ከቦታቸው የተነሡ መንደሮች ስለ ነበሩ፣ ለዞዓርም ይኸው ዕጣ ሊደርስባት ይችል ነበር። ይሁን እንጂ በታሪኳ ምክንያት ባለችበት እንድትቆይ ተወሰነና በመንደሪቱና በወንዙ መካከል የአፈር ክትር፣ ማለትም ከአፈር ተቈልሎ እንደ ረጅም ኰረብታ የሚዘረጋ የጎርፍ መከላከያ፣ ተሠራላት። በመንደሪቱ ውስጥ የሚወርደውም የዝናም ውኃ በክትሩ ታግዶ እንዳይጠራቀም የውኃ መግፊያ መኪና ተተከለ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ክትሩ ከፍ እንዲል ተደረገ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ መንግሥት መንደሪቱን የጠበቃት መንግሥት ራሱ ለሌላው ጥቅም ሲል ከፈጠረው አደጋ ነው። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

የአፈር ክትር ለሚያየው ሰው እንደ ተራራ የማይነቃነቅ ይመስላል። አደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ከዞዓር ሥር ያለው መሬት የጥንት የበረዶ ግግር ቀልጦ ሲወርድ ያመጣው አሸዋና ጠጠር የበዛበት ነው። በወንዙ በኩል ውኃው ከፍ ሲል፣ ክብደቱ ውኃውን በአሸዋው ውስጥ እየገፋ በክትሩ ሥር ያሳልፈዋል፤ በመንደሪቱም በኩል እንደ ትንሽ ምንጭ ሆኖ ይፈላል። የሚፈላው ውኃ ንጹሕ ከሆነ ያን ያህል አያሰጋም። የሚደፈርስ ከሆነ ግን ከክትሩ ሥር አፈር እየጠረገ በመውጣት ላይ ነው ማለት ነው። አፈሩ በተጠረገ ቍጥር ከሥር ዋሻ ይከፈታል፤ ዋሻው ወደ ወንዙ በኩል ከደረሰም ክትሩ ከላይ ደኅና ሲመስል በድንገት ይናዳል። መሐንዲሶች ይህን ሲያዩ በሚፈላው ምንጭ ዙሪያ የአሸዋ ከረጢት ክምር ያቆማሉ። ምንጩን ለመድፈን አይደለም፤ ቢደፍኑት በሌላ ቦታ ይፈነዳል። በክምሩ ውስጥ የሚቆመው ውኃ በክብደቱ ከታች የሚገፋውን እንዲመክትና የአፈሩ መጠረግ እንዲቆም ነው። ዘላቂው መድኃኒት ደግሞ ደቃቅ አሸዋን፣ ከዚያም ጠጠርን በየደረጃው መደርደር ነው፤ ይህ ድርድር እንደ ወንፊት ሆኖ ውኃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ግን ያስቀራል።

በጥር 2005 ዓ.ም. ከዶቨር ግድብ በስተኋላ ግድቡ ከተሠራ ጀምሮ ታይቶ የማይታወቅ ከፍተኛ ውኃ ተኛ። በዞዓርም በኩል የተባለው ዓይነት ምንጭ ፈላ። በ2008 ዓ.ም. ውኃው ከዚያ ዝቅ ብሎ ሳለ ችግሩ እንደ ገና ታየ። መሐንዲሶቹ አስቸኳይ ጥገና አደረጉ፤ ክትሩንም ከሁሉ ይልቅ አስጊ ከሚባሉት ሥራዎች ተራ መዘገቡት። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዘላቂ መፍትሔ ለመፈለግ ሰፊ ጥናት ተጀመረ።

በጥናቱ ከቀረቡት አማራጮች መካከል ክትሩን ማደስ አንዱ ነበር። ሌላው ክትሩን ጨርሶ ማንሣት ነበር። ክትሩ ከተነሣ መንደሪቱ ለጎርፍ ስለምትጋለጥ ወይ ቤቶቹን ከባለቤቶቹ ገዝቶ ማጥፋት፣ ወይም ወደ ኰረብታ ማዛወር ያስፈልጋል። ይህ ሐሳብ ከክፋት የመጣ አልነበረም። የመንግሥት መሐንዲስ የሕዝብ ገንዘብ ያለበት ሰው ነው። 200 ሰው ለማይሞላባት መንደር ብዙ ሚሊዮን ዶላር ከማውጣት ነዋሪዎቹን ካሣ ከፍሎ ማንሣት ይረክሳል ወይ ብሎ መጠየቅ ሥራው ነው። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የቤቱ ዋጋ በዶላር ሲጻፍ፣ በውስጡ ያለው 200 ዓመት የሚጠጋ ታሪክ በየትኛው ረድፍ ይጻፋል? ችግሩ ይህ ነው። ጣራውንና ግድግዳውን መገመት ይቻላል። በሐዋርያት ቍጥር የተተከለው አትክልት በሌላ ኰረብታ ቢተከል ግን ያው ይሆናልን?

በዚህ ጊዜ ለመንደሪቱ የደረሰላት ሕግ ነው። አሜሪካኖች በ1966 ዓ.ም. ስለ ታሪካዊ ቅርሶች አጠባበቅ አንድ ሕግ አውጥተዋል። ይህ ሕግ «አታፍርስ» አይልም፤ «ሳትጠይቅና ሳታስብ አታፍርስ» ይላል እንጂ። ማናቸውም የማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥራው በታሪካዊ ቦታ ላይ የሚያስከትለውን ጕዳት እንዲመረምር፣ ከክፍለ ግዛቱ የቅርስ ሹም ጋር እንዲመካከር፣ የአማካሪውም ምክር ቤት ሐሳቡን እንዲገልጽ ዕድል እንዲሰጥ ያዝዛል። ከጥቂት ዓመት በኋላ የወጣው የአካባቢ ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አማራጮቹን ሁሉ በአደባባይ አውጥቶ እንዲያመዛዝን ያስገድደዋል። ዞዓር በ1969 ዓ.ም. በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብታ ስለ ነበረ ሕጉ በቀጥታ ይመለከታት ነበር። በደኅናው ቀን የተጻፈ አንድ መስመር በክፉ ቀን ጋሻ ሆነ።

ሕግ ብቻውን ግን አይናገርም፤ የሚያናግረው ሰው ነው። የመንደሪቱ ነዋሪዎች ከስብሰባ ወደ ስብሰባ እየተመላለሱ አቤት አሉ። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ የታሪካዊ ቅርሶች ጥበቃ ማኅበር ዞዓርን በዚያ ዓመት ከሁሉ ይልቅ አደጋ ከሚያሰጋቸው 11 ቦታዎች መካከል ቈጠራት፤ ስሟም በመላው አገር ተሰማ። መሐንዲሶቹም በበኩላቸው መንደሪቱ ብትጠፋ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ በታሪክ ዐዋቂዎች አስጠኑ። የክትሩንም ሥር በብዙ ቦታ ቈፍረው መረመሩ። ምርመራው ሲጠናቀቅ የአደጋው መጠን ቀድሞ ከተገመተው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የመሐንዲሶቹ ክፍል ክትሩን የማንሣትና መንደሪቱን የማዛወር ሐሳብ ከአማራጮቹ መሰረዙን አስታወቀ፤ የአስጊነቱንም ደረጃ ዝቅ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአገር ውስጥ ጕዳይ ሚኒስትሩ ዞዓርን የመላው አገሪቱ ታሪካዊ ምልክት ከሚባሉት ቦታዎች ተራ መደቧት። ይህም ለታሪካዊ ቦታ በዚያ አገር መንግሥት የሚሰጠው ከፍተኛ መዓርግ ነው።

አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ልንወስዳቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

አንደኛው፣ ጥበቃ ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። በመዝገብ መግባት መንደርን በመስተዋት ውስጥ እንደ ማስቀመጥ የሚቈጥሩት አሉ፤ እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ የግል ቤቱ በመዝገብ የገባለት ሰው በራሱ ገንዘብ ቤቱን ቢለውጥ መዝገቡ ብቻውን አይከለክለውም። የሚታሰረው የመንግሥት እጅ ነው። በሌላ አገር ደግሞ ሕጉ ባለቤቱንም ጭምር ይገድባል። በዞዓር ከቤቶቹ አንዳንዶቹ የክፍለ ግዛቱ ሙዚየም ሲሆኑ የቀሩት ሰው የሚኖርባቸው ናቸው፤ ልብስ ይሰጣባቸዋል፣ ሕፃን ያለቅስባቸዋል። ጐብኚውን የሚያስተናግደውም የመንደሪቱ ማኅበር ነው። ሰው የሌለበት ቤት በመንግሥት ገንዘብ ቢታደስም ቶሎ ያረጃል፤ ጢስ የሚወጣበት ቤት ግን ባለቤት አለው።

ሁለተኛው፣ ቀድም ብለን ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ነው። የግድቡ ጥቅም ለታችኞቹ ከተሞች፣ ጭንቀቱ ግን ለላይኛዋ መንደር ነበር። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሥራ ጥቂት ሰው ሲጐዳ፣ ብዙዎቹ ለጥቂቶቹ ዕዳ አለባቸው። ክትሩን ማደስ ለዞዓር የተደረገ ችሮታ አይደለም፤ በ1930ዎቹ በዚያ ሸለቆ ጎርፍ እንዲተኛ በተወሰነ ጊዜ የተገባ ዕዳ መክፈል ነው። ነዋሪዎቹም የተከራከሩት ልመና አስመስለው ሳይሆን መብታቸው አድርገው ነው።

ሦስተኛው፣ የመዝገብ ጥቅም ነው። የዞዓር ሰዎች ውላቸውን፣ የሒሳብ ደብተራቸውን፣ የቤታቸውን ቍጥር ጽፈው ስላቆዩ ታሪክ ዐዋቂዎቹ ስለ እያንዳንዱ ቤት ሊመሰክሩ ቻሉ። በቃል ብቻ የሚታወቅ ታሪክ ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። በጽሑፍ የተያዘ ግን በባለሥልጣን ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ይከራከራል። በአገራችን በየደብሩና በየገዳሙ ያለው ንዋየ ቅድሳትና መጽሐፍ፣ በየመንደሩም ያለው የአባቶች ቤት ተቈጥሮ መጻፍ የሚገባው መንገድ ቀያሹ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው። ከደረሰ በኋላ የሚጻፈው ጽሑፍ የኀዘን ደብዳቤ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ የሃይማኖታቸው ነገር ነው። ዛሬ በዞዓር የመሥራቾቹን ሃይማኖት የሚከተል ማኅበር የለም። ታዲያ የጠፋ ማኅበር መንደር ለምን ይጠበቃል የሚል ሊኖር ይችላል። መልሱ እንዲህ ነው። እነዚያ ሰዎች ጠንካራው ደካማውን ይዞ መሻገር ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ 79 ዓመት ያህል በኑሯቸው መረመሩት። አንዳንዱ ተሳካላቸው፣ አንዳንዱም አልተሳካላቸውም። የተሳካውንም ያልተሳካውንም የሚያሳየው ዳቦ ቤቱ፣ ጐተራውና አትክልቱ በቦታቸው ሲቆሙ ነው። በመጽሐፍ ላይ ያነበበው ሰው «ተረት ነው» ሊል ይችላል፤ በደጃፉ ላይ የቆመ ሰው ግን አይልም።

ሎጥ ወደ ዞዓር ልሽሽ ብሎ በለመነ ጊዜ ያቀረበው ምክንያት ከተማይቱ ታናሽ መሆኗን ነው። ስለ ታናሽነቷም ከጥፋት ተረፈች። የኦሃዮዋን ዞዓር ግን ታናሽነቷ ሊያጠፋት ተቃርቦ ነበር፤ ያተረፋትም በቅድሚያ የተጻፈ ሕግ፣ የሚጠይቅ ነዋሪና ተጠይቆ የሚመልስ መሥሪያ ቤት በአንድ ጊዜ መገኘታቸው ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ኖሮ ዛሬ በዚያ ሸለቆ የሚገኘው ሣር ብቻ በሆነ ነበር።